ካዛንቺስ ከተነሳ በኋላ ምሳ የት ትበላላችሁ? ማንን ተከተላችሁ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ጥያቄውን ለውይይት ኢንተርኔት ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። በ2016 የፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የካዛንቺስ ብዙ ቦታ ለልማት ሲነሳ ምግብ ቤቶቹም አብረው ተነሱ። አንዳንዶቹ ሌላ ሰፈር ከፈቱ። አንዳንዶቹ የት እንደደረሱ አይታወቅም። መሃል አዲስ አበባ ለምንሠራ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዓመታት ምሳ የበላንበት ቤት አንድ ቀን ቆርቆሮ ታጥሮበት ጠበቀን።

ሰው አንድን ቤት ለምን እንደሚወድ ብትጠይቁት ምግቡ ይጣፍጣል ይላል። ግን ቅርበትም አለ። ልማድም አለ። ዋጋም አለ። ሁሉም ተደባልቆ ስለሚኖር የትኛው እንደያዘን አናውቅም። ቤቱ ከሰፈራችን ሲርቅ ግን ቅርበቱም ልማዱም ይቀራል። ያኔ ታክሲ ተሳፍረን የሄድንለት ቤት በእርግጥ የምንወደው ነው። ሳናስበው የተውነውን ቤት ደግሞ መጀመሪያም የመረጠልን መንገዳችን ነበር። ስለዚህ ጠየቅሁ። ማንን ተከተላችሁ? ማንን ተዋችሁ? የራሴን ግምትም ጨመርኩ፤ ሰው የሚከተለው የሚያውቀውን ሰው ይመስለኛል አልኩ።

መልሱ ከጠበቅሁት በላይ በዛ። 34 ደረሰ። ሁሉን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ምግብ ቤት ላላችሁ፣ በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ። አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ቶሎ አልፋለሁ።

1ኛ መልስ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ ከእኔ ጋር ተስማማ። ካዛንቺስ ከቢሮው ጀርባ አንዲት እናት ነበሩ፤ ሁሉም ሰው እትዬ ነው የሚላቸው። የሚሠሩት ሽሮና በያይነቱ ብቻ ነበር። አሁን ወደ መገናኛ ሄደዋል። እሱም ዓርብ ዓርብ ከባልደረቦቹ ጋር ራይድ ተጋርቶ ይሄዳል። ምክንያቱን ሲያስረዳ ስለ ሽሮው ብዙም አላወራም። ቃሪያ እንደማይስማማው ሳይነግራቸው ያውቃሉ። ከቀረ ጓደኞቹን ደኅና ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ደሞዝ ሳይወጣ በደብተር ይይዙለታል። ሰው ፊት አንድም ቀን አስታውሰውት አያውቁም።

2ኛ እና 3ኛ

ሁለተኛው በአንድ መስመር ነገሩን ዘጋው። ይሄ ፍቅር ሳይሆን ዱቤ ነው አለ። ሦስተኛዋ ተቆጣች። ዱቤ የሚሰጥሽ ሰው ነገ እንደምትመለሺ አምኖ ነው፤ ያመነሽን ሰው ደግሞ ጥለሽ አትሄጂም የሚል ነው የክርክሯ ፍሬ። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ደብተር ላይ ስምህ ያለበት ቤት ውስጥ እንግዳ አይደለህም።

4ኛ

ይህ ሰው እኔን ነው የነካው፤ በጨዋ ቋንቋ ቢሆንም። የዘነጋኸው ነገር ገንዘብ ነው አለ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዘይቱም ሥጋውም በርበሬውም ጨመረ። እሱ ምሳ የሚበላው ኪሱ ወደፈቀደለት ቤት ሄዶ ነው። አስተናጋጁ ቢስቅም ባይስቅም። ጥያቄው ምርጫ ላለው ሰው እንጂ ለሁሉም አይሠራም ብሎ ጨረሰ። ትክክል ነው። ዋጋ በሩን ይከፍታል ወይም ይዘጋል። ግን ተመሳሳይ ዋጋ ያላቸው ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ሆነው አንዱ ሞልቶ አንዱ ባዶ የሚሆንበትን ምክንያት ዋጋ አይነግረንም።

5ኛ

ስታዲየም አካባቢ ባንክ ትሠራለች። የምሳ ሰዓቷ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ጓደኞቿን ይዛ ስሙ የታወቀ ቤት ገባች። ጥብስ አዘዙ። አስተናጋጁ ትዕዛዙን ተቀብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ በአጠገባቸው ይመላለሳል፣ ዓይኑን ግን ወደ እነሱ አይጥልም። እጅ ሲያነሱ ያላየ መሰለ። ሲጠሩት እየመጣሁ ነው እያለ አለፈ። የምሳ ሰዓታቸው ሊያልቅ ሲል መጣና ጥብስ ማለቁን ነገራቸው። ፍርፍር ይሁንላችሁ ወይ ብሎም ጠየቀ።

ያናደዳት የጥብሱ ማለቅ አይደለም። ምግብ ያልቃል። ማለቁ ገና ሲያዙ ይታወቅ ነበር፤ የነገራቸው ሰው ግን የለም። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ቤት አልገባችም። ለባለቤቱም ለካሸሩም ምንም አልተናገረችም። ቢሮ ተመልሳ ግን ለሁሉም ነገረች። አሁን ከዚያ ቅርንጫፍ ወደዚያ ቤት የሚሄድ ሰው የለም።

6ኛ

የአስተዳደር ትምህርት የተማረ ሰው ይመስላል። ዴቪድ ማይስተር የሚባል ምሁር በ1985 እ.ኤ.አ. ስለ ጥበቃ ሥነ ልቦና የጻፈውን አነሳ። ምክንያቱ ያልተነገረን ጥበቃ ከተነገረን ይረዝምብናል። መጨረሻው የማይታወቅ ጥበቃም እንዲሁ። ሥራ ፈትቶ መጠበቅ ደግሞ የባሰ ነው። ከዚያ ወደ እኛ አመጣው። ጀበናው ከሰል ላይ ተጥዶ፣ ቡናው እየተቆላ ሲጠብቅ ማንም ሰው አይነጫነጭም፤ ሲሠራ ያየዋልና። ያው ሰው ማኪያቶ ሲዘገይበት ግን ጠረጴዛ መታ መታ ያደርጋል። በጣም ወደድኩት።

7ኛ እና 8ኛ

ሰባተኛው አምስተኛዋን ጠየቃት። ለምን ሥራ አስኪያጁን አልጠራሽም? ዝም ብለሽ ወጥተሽ ቢሮ ሄደሽ ስም ማጥፋት ምን ይባላል? አጠያየቁ ትንሽ ይሻክራል።

የመለሰችለት እሷ አይደለችም። ስምንተኛዋ ናት። የጻፈችውን እኔ የውይይቱ ልብ አድርጌ ነው የያዝኩት። እኛ አገር ምግብ ላይ ማጉረምረም ነውር ሆኖ ነው ያደግነው። የቀረበልህን ባርከህ ትበላለህ። በዚያ ላይ ይሉኝታ አለ። አስተናጋጁን ከሰስኩት ማለት ከደሞዙ አስቆረጥኩ፣ ምናልባትም ከሥራ አስባረርኩ ማለት ነው። ልጅ ይኖረዋል፣ እናት ይጦር ይሆናል ብለህ ታስባለህ። ስለዚህ ሒሳብህን ትከፍላለህ። እግዜር ይስጥልኝ ትላለህ። አትመለስም።

እዚህ ላይ መቆም እፈልጋለሁ። ባለቤቱ የሚያየው የከፈለና ያመሰገነ ደንበኛ ነው። ቅሬታ የለም። በወሩ መጨረሻ ገቢ ይቀንሳል። ምክንያቱን ሲፈልግ ኑሮ ውድነቱን፣ መንገድ ሥራውን፣ ጎረቤት የተከፈተውን ካፌ ያገኛል። ትክክለኛውን ምክንያት የሚያውቁት ሰዎች ግን በትሕትና ተሰናብተውት ወጥተዋል። የእኛ ጨዋነት ለምግብ ቤት ባለቤት ትልቅ አደጋ ነው። ባለቤት የሆናችሁ ሰዎች ቅሬታ አልመጣም ብላችሁ አትጽናኑ።

ከ9ኛ እስከ 12ኛ

እነዚህ ያበሳጫቸውን ብቻ ዘረዘሩ። ለጭማሪ እንጀራ የሚጠየቅ ብር። ውሃ የሌለበት መታጠቢያ ቤት። አጠገብህ ካለ ሰው ጋር እንኳ የማያስወራ ሙዚቃ። አስራ ሁለተኛው ስለ መኪና ማቆሚያ ረጅም ጻፈ። ከጥያቄው ጋር ስለማይገናኝ አልፌዋለሁ።

13ኛ እና 14ኛ

አስራ ሦስተኛዋ የተወችው ቤት ቦሌ መንገድ ላይ ነው። ሜኑው 400 ብር ይላል። ሒሳብ ሲመጣ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ 15 በመቶ ቫት ይጨመራል። ምግቡ ጥሩ ነበር፤ እሷ ግን የተታለለች መሰላት። ድምሩን 500 ብር ብላ ጻፈች። አስራ አራተኛው አረማት። ቫት የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተጨመረ በኋላ ነው፤ 440 ላይ 66 ሲጨመር 506 ይሆናል። እሷም አመስግና ነገሩ እንዲያውም የባሰ መሆኑን ጻፈች። እኔም እጨምራለሁ። በትንንሽ ፊደል ከታች ተጽፎ ይሆናል። ግን በአራት መቶ አስቦ የገባ ሰው በአምስት መቶ ሲወጣ ጓደኞቹ ፊት ኪሱን እየዳበሰ ነው። ያን ስሜት አይረሳም።

15ኛ

የውይይቱ መንፈስ የተለወጠው እዚህ ጋ ነው። የጻፈው አስተናጋጅ ነው። እስካሁን ስለ እኛ ስታወሩ አነበብኩ፤ አሁን እኔ ልናገር ብሎ ጀመረ።

ጠዋት ከመንጋቱ በፊት ከቤቱ ይወጣል። ሰፈሩ በልማት ስለተነሳ አሁን የሚኖረው ከከተማው ዳር ነው። ምሽት ሲዘጉ ታክሲ አያገኝም። ደሞዙ የቤት ኪራይ አይሸፍንም፤ የሚኖረው በቲፕ ነው። ብርጭቆ ከተሰበረ ከእሱ ይቆረጣል። ደንበኛ ሳይከፍል ከወጣ ሒሳቡ በእሱ ላይ ነው። ኩሽና ላዘገየው ምግብ የሚሰደበው እሱ ነው። ጥብስ አልቋል ብሎ ቶሎ ለመናገር ደግሞ ኩሽናው ማለቁን ለእሱ መንገር አለበት፤ ማንም አይነግረውም። ደንበኛ ይህን ሁሉ አያውቅም። እጁን አጨብጭቦ ይጠራዋል። አንዳንዱ ያፏጫል። እሱም ስም አለው።

ሲጨርስ ጠየቀን። በዚህ ላይ ፈገግ በል የምትሉኝ ከየት አምጥቼ ነው?

16ኛ እና 17ኛ

አስራ ስድስተኛው ርኅራኄ የለውም። እሱ የከፈለው ለምግብና ለአገልግሎት እንጂ የአስተናጋጁን ችግር ለመስማት አይደለም አለ። እሱም በሥራው ላይ ደባሪ ቀን አለው፤ ባለጉዳይ ላይ ግን አይወጣም። አስራ ሰባተኛው ወደ ስድብ ገባ። የጻፈውን አልደግመውም። እጅ ማጨብጨብ ግን በሽማግሌዎቹ ዘመን ስድብ አልነበረም የሚለው ክፍል ሊታሰብበት ይገባል። ዛሬ የሚጨበጨብለት ልጅ ስድብ ነው ካለ ግን ለእኔ ይበቃኛል። ወንድም፣ እህት ብሎ መጥራት አፍ አያቆስልም።

18ኛ

የሕግ ባለሙያ ናት። ጭቅጭቁ ውስጥ ሳትገባ ለአስተናጋጁ ጠቃሚ ነገር ነገረችው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ከደሞዝ ላይ እንደፈለገ አይቆርጥም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከተወሰነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ ነው። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ያው አዋጅ ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን የደሞዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን አገር አቀፍ የደሞዝ ወለል እስካሁን የለም። ስለዚህ የብርጭቆውን ጉዳይ መከራከር ይችላል፤ የደሞዙን ማነስ ግን በሕግ የሚይዝለት አንቀጽ አያገኝም።

አስተናጋጁ በአጭሩ አመሰገናት። እኔም ከዚህ በኋላ ነገሩን የማየው በሌላ መልክ ነው። አምስተኛዋ ያየችው ዓይኑን የሚያሸሽ አስተናጋጅ መጥፎ ጠባይ ኖሮት ላይሆን ይችላል። መጥፎ ዜና ይዞ የሚመጣ ሰው የሚቀጣበት ቤት ውስጥ ማንም መጥፎ ዜና ቶሎ አይናገርም።

19ኛ እና 20ኛ

አስራ ዘጠነኛው ግምቴን ለማፍረስ ቶሞካን አነሳ። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፒያሳ ያለው ቤት። ቆመህ ነው የምትጠጣው። ማንም ስምህን አይጠይቅም። ማንም አያባብልህም። ሰው ግን ከሩቅ ሰፈር ይመጣል። ታዲያ የሚያውቁት ሰው የቱ ነው?

የሃያኛው መልስ ከእኔ የተሻለ ነበር። እዚያ ቤት ምን እንደሚጠብቅህ ታውቃለህ። መጀመሪያ ትከፍላለህ፣ ወረቀትህን ትሰጣለህ፣ ቡናህን ትቀበላለህ፣ ጠጥተህ ትወጣለህ። ማንም ያልገባልህን ቃል አያፈርስብህም። ወንበር አዘጋጅቶ፣ ሜኑ ዘርግቶ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ ከዚያ የሚረሳህ ቤት ነው የሚያስከፋህ። እንግዳ ሆነህ እንደምትስተናገድ ቃል ገብቶልህ ነበርና።

ከ21ኛ እስከ 24ኛ

ፒያሳ ሲነሳ ትዝታው መጣ። አንዷ የእንሪኮ ኬክ ቤትን ሚሌፎሊ አስታወሰች፤ ጠዋት ካልደረስክ ያልቅ ነበር። ከዚያ ሁለት ሰዎች ስለ ኮሪደር ልማቱ መከራከር ጀመሩ። አንዱ ከተማዋ አምሮባታል፣ መንገዱ ተከፍቷል ሲል ሌላው የሰፈር ሰው ተበተነ አለ። ቃላቸው እየከረረ ሄደ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል ብዬ አምናለሁ፤ ግን ወደ ምሳችን እንመለስ ብዬ ለመንኳቸው። እነሱም ተመለሱ። ምስጋና ይድረሳቸው።

25ኛ

የጾም ነገር እስከዚህ ድረስ አለመነሳቱ ገርሞኝ ነበር። ይቺ ጸሐፊ ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴም ሲገባ ሃምሳ አምስቱን ቀን ትጾማለች። ለዓመታት የምትመላለስበት ቤት ነበራት። አንድ ዓርብ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ስታይ የሥጋ ወጥ የተጨለፈበት ጭልፋ ሳይታጠብ ምስር ወጡ ውስጥ ገባ። በያይነቱውን ሳትነካ ከፍላ ወጣች። አሁን የምትበላው አራት ኪሎ ያለ ጠባብ ቤት ነው። የጾሙ ድስት ለብቻው ነው፣ ጭልፋውም ለብቻው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆዩ ሰዎች ደግሞ ምግብ ለይተው ያስቀምጣሉ። አለቀ አይሏቸውም። ምግቡ ከቀድሞው ቤት እንደማይበልጥ በግልጽ ጽፋለች።

ይህን ከጥሩ አገልግሎት ቁንጮ አስቀምጠዋለሁ። ፈገግታ የለበትም። ወንበር መሳብ የለበትም። ደንበኛው የማያየው ቦታ ላይ፣ ለደንበኛው እምነት ሲባል፣ ጭልፋ መለየት ነው።

26ኛ እና 27ኛ

አንዱ ራይክሄልድና ሳሰር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1990 እ.ኤ.አ. ስለሚሸሹ ደንበኞች ያወጡትን ጥናት ጠቀሰ። ከጠቅላላ ደንበኞች ተጨማሪ 5 በመቶውን እንዳይሸሹ ማቆየት ትርፍን ከ25 እስከ 85 በመቶ ሊያሳድግ ይችላል የሚለውን። ሃያ ሰባተኛዋ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰችበት። የተጠኑት የባንክ ቅርንጫፍ፣ ክሬዲት ካርድ፣ ኢንሹራንስና የመሳሰሉት ናቸው፤ ቁጥሩን ሽሮ ቤት ላይ አትለጥፈው አለች። ልክ ናት።

28ኛ

እስካሁን ከመጡት መቃወሚያዎች ጠንካራው ይህ ነው። ሰውየው የተከተለው ባለቤቱን አልነበረም። አስተናጋጁንም አልነበረም። ወጥ ሠሪዋን ነው። መልኳን አይቶ አያውቅም። ቤቱ ከካዛንቺስ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሲከፈት ሄደ፤ ዶሮ ወጡ ግን ያው አልሆነም። እጇ የለበትም። ቢያጠያይቅ ሌላ ቤት እንደተቀጠረች ሰማ። አሁን እዚያ ነው የሚበላው።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ የት እንደገባች ማን ነገረህ? የቀድሞዋ አስተናጋጅ ነች አለ። ስልኳን ይዞ ነበር። እንግዲህ እጅ ይጎትታል፤ እኔም አልክድም። መንገዱን ያሳየው ግን ያው የሚያውቀው ሰው ነው።

29ኛ እና 30ኛ

ሃያ ዘጠነኛው ፍርፍር ውስጥ የድስት ማጠቢያ ሽቦ አግኝቶ ያውቃል። አስተናጋጇን ጠርቶ አሳያት። እሷ አልተከራከረችም። ባለቤትየዋ ራሷ መጣች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ምግቡን አስለወጠች፣ ሒሳብ አልተቀበለችም። ያስገረመው ግን በሌላ ቀን ሲመጣ የሆነው ነው። ሽቦ መጠቀም ማቆማቸውን ነገረችው። አሁን እንግዳ ሲመጣበት እዚያ ነው የሚወስደው። ሠላሳኛው በነፃ ስለበላህ ነው ብሎ አጣጣለው። አይመስለኝም። የአንድ ፍርፍር ዋጋ ሰውን ለዓመታት አያመላልስም። የተናገረው ነገር ቤቱ ውስጥ ለውጥ ማምጣቱን ማየቱ ነው የያዘው።

31ኛ እና ከዚያ በኋላ

ሠላሳ አንደኛዋ አራት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ ቤት ያላት ሴት ናት። ሁሉንም አንብባለች። እሷም የሚሰበርባትን ዕቃ ከአስተናጋጆቿ ትቆርጣለች፤ ሌላ መንገድ ስላጣች ነው። ምን ላድርግ ብላ ጠየቀች። ሠላሳ ሁለተኛው ሆቴል ውስጥ ካፒቴን፣ ማለትም የአስተናጋጆች አለቃ፣ ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ ሁለት ነገር መከራት። ከምሳ በፊት ኩሽናውና አስተናጋጆቹ ለጥቂት ደቂቃ ቆመው ምን እንዳለና ምን እንደሚያልቅ ይነጋገሩ። ሲያልቅም ኩሽናው በር ላይ በጠመኔ ይጻፍ። ለሚሰበር ዕቃ ደግሞ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ከገቢው ይመደብ፤ ከተረፈ ለሠራተኞቹ ይከፋፈል። ሠላሳ ሦስተኛው የመገናኛዋን እትዬ አድራሻ ጠየቀ፤ የመጀመሪያው ጸሐፊም በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ አለው።

ሠላሳ አራተኛው መልስ የባለቤትየዋ ነው። ጠመኔውን ገዝታለች። የሜኑውን ዋጋ ቫት ጨምራ ልታሳትም ነው። ለተሰበረ ዕቃ መቁረጥም ከዚህ ወር ጀምሮ ትታለች። አንድ ነገር ግን አልተፈታላትም። በልቶ ሳይከፍል ለሚወጣ ሰው ሒሳቡን ማን ይሸከም? አስተናጋጁ ላይ ብትጥለው በደል ነው። ራሷ ብትሸከመው ቤቷ ትንሽ ነው፣ አትችለውም። አስቀድሞ ማስከፈል ደግሞ የለመዱ ደንበኞቿን እንዳያስከፋባት ትፈራለች። ይህን በቤቱ ሞክሮ የተሳካለት ባለቤት ካለ ይጻፍላት። እኔም መልሱን እፈልገዋለሁ።